1952ን በራሳችን አቆጣጠር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ያለፉ ዓመታትን መለስ ብሎ የሚያስቃኘውን ዓምዳችሁን በጉጉት አነባለሁ። አንድ ልመና ግን አለኝ፤ ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ይቆጠርልን። ለምን ብትሉ 1952ን እዩት።

አበበ ቢቂላ ሮም ኦሊምፒክ ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ የሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን ነው፤ የዓመቱ የመጨረሻ ቀን፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ! እዚህ ችቦ በሚበራበት ምሽት እዚያም ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩለት ነበር። ሞሮኳዊውን ራዲን በ25 ሰከንድ ቀድሞ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። ሲነጋ መስከረም 1 ነበር። በፈረንጆቹ ስንጽፈው ግን «ሴፕቴምበር 1960» ተብሎ ይታለፋል፤ ዋዜማነቱ ይጠፋል። እኔን የሚቆጨኝ ይኸው ነው።

ዓመቱ ሐዘንም ነበረበት። መጋቢት 12 ቀን የደቡብ አፍሪካ ፖሊስ ሻርፕቪል ላይ ጥቁሮች የይለፍ ወረቀት እንዲይዙ የሚያስገድደውን ሕግ ለመቃወም በወጡ ሰዎች ላይ ተኩሶ 69 ሰው ገደለ። ሰኔ 23 ኮንጎ ነጻ ወጣች። በባህሉ በኩል ደግሞ ዩኔስኮ የካቲት 29 ቀን የኑቢያን ቅርሶች ከአስዋን ግድብ ውሃ ለማዳን ዓለምን ተማጸነ፤ አቡ ሲምበል የተባለው የግብጽ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ የተረፈው በዚያ ዘመቻ ነው።

ቀጣዩ ዓምድ 1953 ከሆነ፣ ከታኅሣሡ ግርግር በፊት አበበ ወርቁን ይዞ አገሩ የገባበትን ቀን አደራ እንዳትዘነጉት።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ