የወጣው ሰንደቅ ዓላማ አብሮ ይውረድ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ቅዳሜና እሑድ ጎሕ ሲቀድ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተነሥተው ወደ መናገሻ፣ ወደ የረር፣ ወደ ዝቋላና ወደ ወንጪ የሚጓዙ የተራራ ተጓዦች ቡድኖች ከዓመት ወደ ዓመት እየበዙ መምጣታቸውን አንባቢዎቻችሁ ሳያስተውሉ የሚቀሩ አይመስለኝም። ወጣቱ አገሩን በእግሩ ማወቁ የሚያስደስት ነው። ከእነዚህ ቡድኖች አንዳንዶቹም የድል በዓላትንና የሰማዕታት መታሰቢያ ዕለታትን ምክንያት አድርገው ሰንደቅ ዓላማ ይዘው ወደ ተራራ ጫፍ መውጣት ጀምረዋል። ይህን የሚነቅፉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ እኔ ግን ከሚደግፉት ወገን ነኝ። ድጋፌ አንድ ነገር እንዲጨመርበት ከሚል ጥያቄ ጋር ነው፦ ለመታሰቢያ የወጣ ሰንደቅ ዓላማ፣ ያወጡት ሰዎች በዚያው ዕለት ይዘውት ይውረዱ።

ይህን የምለው እንዲሁ ከመሬት ተነሥቼ አይደለም። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት በኖርኩበት ዘመን፣ በሰሜን በኩል በምትዋሰናት በኒው ሃምፕሸር ግዛት ዋይት ማውንቴንስ በሚባለው የተራራ ሰንሰለት ላይ በየዓመቱ በሚደረግ የመታሰቢያ ጉዞ ተካፍያለሁ። በዚያ ሰንሰለት ውስጥ ከ4,000 ጫማ፣ ማለትም ከ1,219 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውና ተራራ ወጪዎች በዝርዝር ይዘው የሚቆጥሯቸው 48 ጫፎች አሉ። እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 በደረሰው የሽብር ጥቃት በኒው ዮርክ፣ በፔንታጎንና በፔንሲልቬንያ 2,977 ሰዎች በሞቱበት በዚያ ሳምንት፣ መስከረም 15 ቀን፣ ጥቂት ተጓዦች የአገራቸውን ሰንደቅ ዓላማ ተሸክመው ሊበርቲ ከተባለው ጫፍ ላይ ወጡ። በማግስቱ ዓመት ነገሩ ሰፍቶ አርባ ስምንቱንም ጫፎች አዳረሰ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ በመታሰቢያው ሰሞን በሚውል ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜም ቅዳሜ፣ በሁሉም ጫፎች ላይ በአንድ ጊዜ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል። የሚሰቀለው እኩለ ቀን ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ የሚወርደው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ብቻ። ከዚያ በኋላ ጫፉ ላይ ምሰሶም ገመድም አይቀርም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። ጥቃቱ የደረሰበት ዕለት ለእኛ እንቁጣጣሽ ነው። ሕንፃዎቹ የተመቱበት ጠዋት መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ነበር፤ በአሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የአዲስ ዓመት አበባና የጎረቤት ሐዘን በአንድ ቀን ሲደርሱብን ምን ብለን እንደምንሰነብት ግራ ገብቶን እንደነበር የዚያን ጊዜ ሰዎች ያስታውሱታል። በኋላም የማኅበረሰባችን የአዲስ ዓመት ዝግጅት ብዙውን ጊዜ በዚያው ቅዳሜ ላይ ስለሚውል፣ ከተራራ ወርዶ ለዶሮ ወጡ መድረስ የራሱ ሩጫ ነበረው።

ሥራው እንዴት እንደሚከናወን በጥቂቱ መግለጽ እፈልጋለሁ፤ የማነሣው ሐሳብ ያለው እዚያ ውስጥ ነውና። እያንዳንዱን ጫፍ አስቀድሞ የተመዘገበ ቡድን ይረከባል። ቡድኑ ሰንደቅ ዓላማውን፣ ምሰሶውንና ገመዱን ራሱ አዘጋጅቶ፣ ምሰሶውን በየቁራጩ ተከፋፍሎ በጀርባው ይሸከማል። ጫፍ ላይ ሲደርሱ የአሉሚኒየም ወይም የፕላስቲክ ቧንቧዎቹ አንዱ በሌላው ውስጥ ይገጣጠማሉ፤ ገመዶቹ በሦስት ወይም በአራት አቅጣጫ ተወጥረው ከትልልቅ ድንጋይ ጋር ወይም ከደንዳና ዛፍ ግንድ ጋር ይታሰራሉ። ምስማር አይመታም፣ ጉድጓድ አይቆፈርም። ዛፍ ከማይበቅልበት ከፍታ በላይ ባሉት ጫፎች ላይ ከድንጋይ ድንጋይ እየተረገጠ ይኬዳል፤ በድንጋዮቹ መካከል የሚበቅሉት ድንክ ዕፅዋት አንዴ ከተረገጡ ለማገገም ብዙ ዓመት ስለሚፈጅባቸው ነው። አንዳንዱ ተጓዥ በዚያ ቀን የሞተበትን ሰው ስም ይዞ ይወጣል። ረዥም ንግግር የሚያደርግ የለም፤ ነፋሱም አያስደርግም።

የነፋሱን ነገር ካነሣሁ፣ ከጫፎቹ ሁሉ የሚበልጠው ዋሽንግተን ተራራ 1,917 ሜትር ነው፤ ይህ ማለት ከእኛው አራት ኪሎ ዝቅ ይላል። የከፍታውን ቁጥር ሰምቶ የሳቀ ኢትዮጵያዊ ግን እዚያ ሲደርስ ሳቁ ይቆማል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 12 ቀን 1934 በዚህ ጫፍ ላይ በሰዓት 372 ኪሎ ሜትር የሚምዘገዘግ ነፋስ ተመዝግቧል፤ በመስከረም መግቢያም ቢሆን ግርጌው ላይ በሸሚዝ የተነሣ ሰው ጫፉ ላይ ጓንት ይፈልጋል። በሌላ በኩል ወደዚህ ተራራ በመኪናም በባቡርም መውጣት ስለሚቻል ነጠላ ጫማ ያደረገ ጎብኚ ከተራራ ወጪው ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆሞ ይታያል። ኦውልስ ሄድ የተባለው ጫፍ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የደርሶ መልስ መንገዱ 29 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጫፉ በዛፍ የተሸፈነ በመሆኑ የተሰቀለውን ሰንደቅ ከሰቀሉት በቀር የሚያየው የለም ማለት ይቻላል። የሚወጣ ቡድን ግን አይጠፋም። ለማንም የማይታይ ሰንደቅ ለሁለት ሰዓት ለመስቀል ቀኑን ሙሉ የሚሄዱ ሰዎችን ካየሁ በኋላ ነው፣ መታሰቢያው ያለው ተሸክሞ በመውጣቱና በመጠበቁ ውስጥ እንጂ ጨርቁን እዚያ በመተው እንዳልሆነ የገባኝ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፉን ይይዛሉ። ነፋሱ ከእጃቸው እየነጠቀ ሲያስቸግራቸው ሌሎች ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ይከልሉላቸዋል። መጀመሪያ በቁመቱ፣ ቀጥሎ ከጥጉ በሦስት ማዕዘን እየታጠፈ፣ ከዋክብት ያሉበት ሰማያዊ ክፍል ብቻ ከውጭ እስኪቀር ድረስ ይጠቀለላል፤ መሬት አይነካም። ከዚያ ወደ ቦርሳ ይገባና ቁልቁል መንገድ ይጀመራል።

ወደ አገራችን ስመለስ ያየሁት ከዚህ የራቀ ነው። ለአዲስ አበባ ቅርብ በሆነ አንድ ተራራ ላይ፣ ቀደም ብሎ የወጣ ቡድን ከአንድ ለጋ ጽድ ጋር በሽቦ ያሰረው ሰንደቅ ዓላማ አገኘሁ። አረንጓዴው ወደ አመድማነት ተለውጧል፤ ቀዩ ጠርዙ ተዘልዝሎ ክሩ ከቅርንጫፉ ጋር ተጠላልፏል፤ ሽቦው ልጡን በልቶ ወደ ግንዱ እየገባ ነበር። ሥሩ ላይ የውኃ ፕላስቲኮች ተከምረዋል። ያሰሩት ሰዎች ያን ዕለት ልባቸው ሞልቶ፣ ምናልባትም እንባ እየተናነቃቸው እንዳሰሩት አልጠራጠርም። ነገር ግን በዚያ ሁኔታ ሰንደቁን ያየ እረኛ ስለ ሰማዕታቱ የሚማረው ነገር ምንድን ነው? በቤቱ ደጃፍ ላይ እንዲህ ያለ ጨርቅ ተሰቅሎ ዝም የሚል ቀበሌ ቢኖር ነውር ተብሎ በተወራበት ነበር።

ከውበቱና ከክብሩ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። በአገራችን ተራራ ላይ የተተከለ ባንዲራ የሚሰጠው ትርጉም ኒው ሃምፕሸር ላይ ከሚሰጠው ጋር አንድ አይደለም። እዚያ ተራራው የማን ነው የሚል ክርክር የለም። እኛ ዘንድ ግን እያንዳንዱ ጫፍ ባለቤት አለው፤ ግጦሽ ነው፣ ገዳም ነው፣ የወረዳ ወሰን ነው፣ አንዳንዴም ሁለት ክልሎች የሚወዛገቡበት ነው። የየትኛው ሰንደቅ ዓላማ መልክ ትክክል ነው የሚለው ንትርክም ስንት ጊዜ በአደባባይ ሰው እንዳጋጨ ሁላችንም እናውቃለን። በዚህ ላይ ወጥቶ የቀረ ባንዲራ የሙታን መታሰቢያ መሆኑ ይረሳና «ይህ ቦታ የእኛ ነው» የሚል ምልክት ሆኖ ይነበባል። ቀጥሎ የሚመጣው ቡድን ያወርደዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ማን አወረደው ብሎ ይነሣል። ለሁለት ሰዓት ተሰቅሎ ከነባለቤቶቹ የወረደ ሰንደቅ ዓላማ ግን የሚነቀል ነገር አይተውም፤ የሚጣሉበትም አያገኙም። ይህን የምለው ክርክሩን ለመሸሽ አይደለም፤ ክርክሩ በምክር ቤትና በጋዜጣ ይካሄድ፣ የሞቱት ሰዎች መታሰቢያ ግን የክርክሩ መያዣ አይሁን ነው።

እንዲህ ዓይነቱ ጉዞ የሚስማማባቸው ቦታዎች አሉን። የካቲት 12 ቀንን እንውሰድ። በ1929 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የፈጸመው ጭፍጨፋ በየዓመቱ ስድስት ኪሎ በሚገኘው ሐውልት የአበባ ጉንጉን በማኖር ይታሰባል፤ ሥነ ሥርዓቱ ረፋዱ ላይ ያበቃና ሰው ወደየጉዳዩ ይበተናል። ከሐውልቱ ሽቅብ ሲመለከቱት እንጦጦ ፊት ለፊት ነው። ከአደባባዩ ተነሥቶ በእግር እስከ እንጦጦ አናት መውጣት ጤነኛ ሰው ጧቱን የሚጨርሰው መንገድ ነው። አያቶቻችን በእሳትና በአካፋ ያለቁባትን ከተማ ከላይ ሆኖ እያዩ ሰንደቁን ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ዝቅ አድርጎ አውለብልቦ፣ ከዚያ አጥፎ ይዞ መውረድ ይቻላል። ትምህርት ቤቶችም ቢጋበዙበት ተማሪው ከመጽሐፍ የማያገኘውን ያገኝበታል።

ለዓድዋ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ ተነሥተው ለሳምንታት በእግራቸው ተጉዘው ለየካቲት 23 ዓድዋ የሚደርሱት የጉዞ ዓድዋ ተጓዦች መንገዱን አሳይተዋል፤ በየደረሱበት ሕዝቡ ውኃና ዳቦ ይዞ የሚቀበላቸው፣ እንግዳ ሆነው ስለሚመጡና እንግዳ ሆነው ስለሚሄዱ ይመስለኛል። ከዓድዋ ከተማ አጠገብ ያለውን የሶሎዳ ተራራ ለመውጣት የሚሻም በዚህ አኳኋን፣ የከተማውን ሰው አስፈቅዶ ይውጣ።

ስለ አምባ አላጌና ስለ አምባ አራዳም ግን ጥንቃቄ ይሻላል እላለሁ። አምባ አላጌ በ1888 ዓ.ም. በዓድዋው ዘመቻ የመጀመሪያው ድል የተገኘበት፣ አምባ አራዳም ደግሞ በ1928 ዓ.ም. ሠራዊታችን በቦምብና በመርዝ ጋዝ የተፈጀበት ስፍራ ነው፤ መታሰቢያ ይገባቸዋል። ሆኖም የትግራይ፣ የአማራና የአፋር ብዙ ተራሮች በቅርቡ ጦርነትም ሰው የወደቀባቸው ናቸው፤ በቤተሰቡ ላይ የደረሰው ሐዘን ገና ያልወጣለት ገበሬ፣ ከመሐል አገር የመጣ ቡድን ባንዲራ ይዞ በማሳው በኩል ሲያልፍ ምን እንደሚሰማው ማሰብ ያስፈልጋል። ከዚህም ሌላ ያልፈነዳ ተተኳሽ ያለባቸው ቦታዎች መኖራቸው የታወቀ ነው። የአካባቢው ሽማግሌዎች «ኑ» እስኪሉ መጠበቅ ነውር የለውም።

የሚያስፈልገው ዝግጅትም ከባድ አይደለም። እንደ ዝቋላ ገዳም ያለበት ተራራ ከሆነ አስቀድሞ የገዳሙን አባቶች ማስፈቀድ፤ እንደ ሰሜን ተራሮች ያለ ብሔራዊ ፓርክ ከሆነ ደግሞ ከጽሕፈት ቤቱ ተነጋግሮ ስካውት፣ ማለትም የፓርኩን ጠባቂ ይዞ መሄድ ግድ ነው። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ስለሆነ በቅዳሜና እሑድ ሩጫ የሚወጣ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ ከፍታ የለመደ ሰው እንኳ በአንድ ጊዜ ሲወጣ ራሱን ያመዋል። በክረምትና በበልግ ከሰዓት በኋላ መብረቅ በሚበዛበት ጫፍ ላይ የብረት ምሰሶ ይዞ መቆም ራስን ለአደጋ መስጠት ነውና ደመናው ሲጠቁር ሰዓቱ ባይደርስም ማውረድና መመለስ ነው። ሰንደቁ ከሽቦ ይልቅ በገመድ ይታሰር። ከሁሉ በፊት ደግሞ ቡድኑ ከመነሣቱ አስቀድሞ ሰንደቁን ተረክቦ የሚያወርደውና እስከ ከተማ የሚመልሰው አንድ ሰው በስም ይመደብ፤ ኃላፊነቱ የሁሉም ነው ሲባል የማንም ሳይሆን ቀርቶ ነው ያ የጽድ ዛፍ በሽቦ የታነቀው።

የተራራ ጉዞ አዘጋጆች ጋዜጣችሁን እንደሚያነቡ ስለማውቅ፣ ይህ ደብዳቤ ከየካቲት በፊት እንዲወጣ፣ የሚስማማም የሚቃወምም ቡድን ካለ መልሱን በዚሁ ገጽ እንድታስተናግዱለት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከላይ የገለጽኩትን የተቀደደ ሰንደቅ ከዛፉ ፈትቼ አውርጄዋለሁ፤ ያሰረው ቡድን ቢፈልገው በዝግጅት ክፍላችሁ በኩል ላስረክበው ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ
ከአዲስ አበባ