ቀለም ብቻ አይታችሁ ዝርያ አትቁጠሩ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ጎልያድ ጥንዚዛዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ ነው ያነበብኩት። የአፍሪካ ደን ነፍሳት ጋዜጣ ላይ ቦታ የሚያገኙት ስንት ጊዜ ነው? የፎቶዎቹን መግለጫ ሳይ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። «አራት ዝርያዎች» ብላችሁ የደረደራችኋቸው አራቱም አንድ ዝርያ ናቸው። ጎልያቱስ ጎልያቱስ ይባላል፤ ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1771 ስም ያወጣለት ያው ጥንዚዛ ነው።

ሥራዬ የደረቁ ነፍሳትን በመርፌ ሰክቶ መደርደርና መለየት ነው። እነዚህ ጥንዚዛዎች በየጊዜው እጄ ይገባሉ። አንዱ ጀርባው ሙሉ በሙሉ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፤ ነጭ ሰረዝ ያለው ከአንገቱ በኩል ብቻ ነው። ሌላው ላይ ነጩ ወደ ክንፉ ይወርድና ቡናማው እዚህም እዚያም ተቆራርጦ ይቀራል። ጨርሶ ነጭ ለመሆን ጥቂት የቀረውም አለ። ግን ሁሉም ከአንድ ደን ይሰበሰባሉ፣ እርስ በርስም ይራባሉ። ከአንዲት ውሻ ጥቁርም ቡናማም ቡችላ ሲወለድ ማንም አይገረምም፤ ጥንዚዛ ላይ ሲሆን ለምን ይከብደናል?

ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም። የድሮ ሰብሳቢዎች ቀለሙ ትንሽ በተለወጠ ቁጥር አዲስ የላቲን ስም ያወጡ ነበር። የእንስሳት ስያሜ ዓለም አቀፍ ደንብ እ.ኤ.አ. ከ1960 በኋላ «ቫራይቲ» ወይም «ፎርም» (በአንድ ዝርያ ውስጥ ያለ የመልክ ልዩነት) ተብሎ የወጣን ስም አይቀበልም። ነጋዴዎች ግን የቆዩትን ስሞች አልተዉም። ብርቅ የሚመስል ስም ዋጋ ያስወድዳላ! እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ነጭ ነጩ ተለቅሞ ይሸጣል፣ የት እንደተያዘ የምትናገረዋ ትንሽ ወረቀት ትጠፋለች።

ለእኔ ከቀለሙ ይልቅ ያቺ ወረቀት ትበልጣለች። ቀጥሎ የማየው አካሉን ነው። ወንዱ ራሱ ላይ እንደ መንሽ ሹካ የሆነ ቀንድ አለው፤ ሴቷ የላትም። ጥርጣሬ ሲኖር የደረቀውን ጥንዚዛ በሞቀ ውሃ አለሰልሰዋለሁ። ከዚያ የወንዱን የመራቢያ አካል በቀጭን መንጠቆ ቀስ አድርጌ ስቤ ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጣለሁ። በብዙ ጥንዚዛዎች ዝርያን ከዝርያ የሚለየው የዚህ አካል ቅርጽ ነው። ዲኤንኤም አለ፣ እሱን ላቦራቶሪ ይሠራዋል።

ቀለም ደግሞ ከሞት በኋላም ይለወጣል። ከሬሳው ውስጥ የሚወጣ ቅባት ነጩን ያጠቁረዋል። ቅባት በሚያሟሟው በአሴቶን ውስጥ ስነክረው ፈሳሹ ቢጫ ይሆናል፣ ነጩም ይመለሳል። በሕይወት እያለ የሚለወጥም አለ። በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ የሚኖረው የሄርኩለስ ጥንዚዛ ክንፉ ሲደርቅ ቢጫ አረንጓዴ ነው፣ እርጥበት ሲያገኝ ይጠቁራል። ከላይኛው ስስ ሽፋን ሥር ያለው ስፖንጅ መሰል ክፍል አየር ሲይዝ ብርሃን ይመልሳል፤ ውሃ ሲሞላው ግን ብርሃኑ አልፎ ይሄዳል። ያን ጥንዚዛ ጠዋትና ማታ ፎቶ ብታነሱት ሁለት ዝርያ ነው ልትሉ ነው?

ቀለም አይረባም እያልኩ አይደለም። በምዕራብ አፍሪካ የሚኖሩትን ጎልያቱስ ሬጊየስንና ጎልያቱስ ካሲከስን ከሩቅ የሚለያቸው ቀለማቸው ነው፤ በእርግጥም ሁለት ዝርያዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1887 ደግሞ ኒከርል የሚባል ሰው ሌላ ጥንዚዛን ጎልያቱስ አትላስ ብሎ ሰየመው። መልኩ የሁለቱ መሐል ነው፣ የሚገኘውም እነሱ በሚገናኙበት አካባቢ ነው። ዛሬ የሁለቱ ዲቃላ እንደሆነ ይታመናል። ቀለሙ ፍንጭ ሰጠ፤ መልሱን ያሟላው ግን የተገኘበት ቦታ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። እርማቱን በዚያው ገጽ፣ አራቱን ፎቶዎች አንድ ላይ አድርጋችሁ አውጡልን። ከሥራቸውም «አንድ ዝርያ፣ የተለያየ ቀለም» በሉበት። የት አገር፣ በየትኛው ወር እንደተሰበሰቡ ካወቃችሁ ጨምሩበት፤ ካላወቃችሁ ፎቶውን የሰጣችሁን ሰው ጠይቁልን።

አክባሪያችሁ
በነፍሳት ስብስብ ክፍል የምሠራ አንባቢ