ዳኛዬ፣ ዋንዛው አለ?

ዳኛዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ሁለት ዓመት ጠፍቶ "እንደምን ከረምሽ" ማለት እንዴት እንደሚከብድ ገና አሁን ስጽፈው ገባኝ። የእትዬን ለቅሶ በአንድ የድምፅ መልእክት መወጣቴን አልረሳሁትም። አንቺም አልረሳሽውም። ይቅርታ አድርጊልኝ። ስንገናኝ እግርሽ ላይ ወድቄ እለምንሻለሁ፤ ለዛሬ ግን ጉዳይ ይዤ ነው የመጣሁት። "ይቺ ልጅ ካልቸገራት አትጽፍም" በይ፣ እውነትሽን ነው።

ከጉዳዩ በፊት ግን አንድ ነገር ላውራሽ። እሱን ካልሰማሽ ያኛው አይገባሽም።

ቅዳሜ ቅዳሜ የድሮ የእርሻ ሽያጭ ውል እገለብጣለሁ። በነፃ! ሳቂ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጎትታ ወሰደችኝና እዚያው ቀረሁ። እዚህ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለው፣ ዛሬ አበሻ የሞላበት ፌርፋክስ አውራጃ ሆኖ የተቋቋመው በፈረንጅ 1742 ነው። ያኔ ቨርጂኒያ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች። ሰፋሪዎቹ እርሻ ሲሻሻጡ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ውሉን ከላይ እስከ ታች ትልቅ መዝገብ ላይ ይገለብጠዋል። እኔ ደግሞ የሱን ጭረት አፍጥጬ እያነበብኩ ኮምፒውተር ላይ አሰፍረዋለሁ። "እጅሽ የዶሮ ጭረት ነው" ትይኝ አልነበር? የሱን ባየሽ።

ዳኛዬ፣ ድንበሩን የሚጽፉት በዛፍ ነው። ጅረቱ ዳር ካለው ነጭ ኦክ ይነሳሉ፤ በኮምፓስ አቅጣጫ ይህን ያህል ዘንግ ይሄዳሉ፤ ከሁለት ሂከሪ ዛፎች ይደርሳሉ፤ የጎረቤትን ወሰን ይዘው ይዞሩና ተመልሰው ኦኩ ጋ ይገጥማሉ። አንድ ዘንግ አምስት ሜትር ገደማ ነው። ቀላዳቸው ደግሞ የብረት ሰንሰለት ነው። ጉንተር የሚባል እንግሊዛዊ በ1620 ያወጣው፣ አንድ መቶ ቀለበት ያለው፣ ሃያ ሜትር ግድም የሚሆን። ዳገት ላይ ይረግባል፣ ጫካ ውስጥ ይጠማዘዛል። ስለዚህ ከኤከሩ ቁጥር ቀጥሎ ሁልጊዜ አንድ ቃል አይጠፋም፤ "ቢያንስም ቢበዛም"። አንቺ ብትሆኚ ውሉን ፊቱ ላይ ትወረውሪለት ነበር።

ዛፍ ደግሞ ይበሰብሳል፣ ይቆረጣል። ከ1662 ጀምሮ ሕጉ መላ አበጀለት። በየአራት ዓመቱ አጥቢያው ጎረቤታሞቹን ያዛል፤ አብረው ድንበሩን ይዞራሉ፤ ዛፎቹ ላይ ያለውን የመጥረቢያ ምልክት ያድሳሉ። ሦስት ጊዜ ያለ ተቃውሞ ከተዞረ ድንበሩ ጸና፣ አለቀ። የኛ ሽማግሌዎች ቢሰሙ "ታዲያ ይኼ ምኑ ይገርማል?" የሚሉ ይመስለኛል።

ቁንዶ በርበሬዋን ሳልነግርሽ አላልፍም። በጥንቱ የእንግሊዝ ሕግ ሻጭና ገዢ መሬቱ ላይ ቆመው አንድ ጓል አፈርና አንድ ቅርንጫፍ ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበሉ ነበር። ያንን ላለመልፋት ጠበቆች (ዘመዶችሽ) ዘዴ ፈጠሩ። መጀመሪያ ሻጩ መሬቱን በአምስት ሽልንግ ለአንድ ዓመት ለገዢው ያከራየዋል። በማግስቱ በሁለተኛ ውል ዋናውን መብት ይለቅለታል፤ ተከራይ ስለሆነ መሬቱ በእጁ እንዳለ ይቆጠራላ! የኪራዩ ግብር ደግሞ በዓመት አንድ ፍሬ ቁንዶ በርበሬ ነው፤ እሱም ከተጠየቀ። ይህን ሳነብ ብቻዬን ስስቅ ጎኔ ያሉት ፈረንጆች ዞረው አዩኝ።

ዓመተ ምሕረታቸውም እንደኛ ያደናግር ነበር። እስከ 1752 ድረስ ዘመን የሚለወጠው በብሥራት ቀን ነው፣ በኛ መጋቢት 29። ፈረንጅ ሁሉ እዚህ ላይ ሲደናበር እኔ ኮራሁ። ዕድሜ ልኬን ዓመት ሳመሳክር የኖርኩ ሰው ነኝ!

አንዳንድ ቅዳሜ ግን ሳልጨርስ ተነስቼ እወጣለሁ። ያው መዝገብ ውስጥ፣ በያው ጸሐፊ እጅ፣ ከእርሻ ሽያጭ ቀጥሎ የሰው ሽያጭ ይመጣል። የ1705 የቨርጂኒያ ሕግ በባርነት የተያዘን ሰው እንደ መሬት "የማይንቀሳቀስ ንብረት" አድርጎታል። የማይንቀሳቀስ! እናት ከልጇ ተነጥላ የምትነዳበት "የማይንቀሳቀስ"። መሬቱስ ቢሆን? ባለቤትነቱን ወደ ኋላ ስትቆጥሪው በ1649 አንድ የተሰደደ ንጉሥ ለሰባት ወዳጆቹ የሰጠው ስጦታ ላይ ያልቃል። ቀድሞ እዚያ ይኖሩ የነበሩት፣ ዶግ የሚባሉት የአገሩ ነባር ሰዎች የሻጭነት መስመር የላቸውም።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። እየዞርኩ መሆኔ ገብቶሻል።

ባል እርሻውን ሲሸጥ የሚስቱ ነገር ካልተቋጨ ገዢው አያርፍም። ባሏ ከሞተ የመሬቱን ሲሶ እስከ ዕድሜ ልኳ የመያዝ መብት አላትና። ያንን ለመልቀቅ ፍርድ ቤት ትቀርባለች፤ ከባሏም ተለይታ ለብቻዋ ትጠየቃለች። ወደሽ ነው ወይስ አባብሎሽ፣ አስፈራርቶሽ? መምጣት ካልቻለች ዳኞች ቤቷ ድረስ ሄደው ይጠይቋታል። መልሷ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። የይስሙላ መሆኑን አውቃለሁ። እምቢ ያለች እስካሁን አላጋጠመችኝም። ማታ እኮ የሚገቡት አንድ ቤት ነው። ግን ተጠይቃለች። እዚያ መስመር ላይ በደረስኩ ቁጥር እጄ ይቆማል።

ከሁለት ሳምንት በፊት ታላቅ ወንድሜ ደወለ። የእማዬን መሬት ድርሻሽን በስጦታ ልቀቂልኝ፣ ከኤምባሲ ውክልና አሠርተሽ ላኪ አለኝ። እኔም ሳላስጨርሰው "እሺ" አልኩት። ከዚያ ስለ ልጆቹ አወራን። ስልኩን ዘጋሁና እስኪነጋ ተገላበጥኩ።

መሬቱን አልፈልገውም፣ በእማዬ ሞት። ምን ላርስበት? ያስታመማት እሱ ነው፤ የቀበራት እሱ ነው፤ እኔ ብር ከመላክ በቀር ምን አደረግሁ? ይገባዋል። ደግሞ በአገሩ ሕግ ድርሻ ይኑረኝ አይኑረኝ እንኳ አላውቅም፤ እሱን አንቺ ታውቂዋለሽ። መሬት አይሸጥም አይለወጥም በሚባልበት አገር የኔ ፊርማ ምን እንደሆነም አልገባኝም። ግን... እንዴት ልበልሽ... ማንም ለብቻዬ አልጠየቀኝም።

አንድ ሌሊት ተነስቼ የእማዬን መሬት እንደነዚያ ሰዎች ልጽፈው ሞከርኩ። ከጨሞጋ ወንዝ ተነሳሁ። ሽቅብ ወጥቼ እኔና አንቺ በቆሎ ጠብሰን ከበላንበት ዋንዛ ደረስኩ። ከዋንዛው በኋላ ጠፋኝ። ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው ወደ ግራ? ጎረቤቱ ማን ነበር? ወረቀቱን ቀዳደድኩት።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምንሻለሁ። መንገዱ ሰላም ከሆነ ብቻ፣ አንድ ቀን ብቅ በይልኝና ዋንዛው መኖሩን እይልኝ። ካለ ፎቶ አንሺው። ከተቆረጠም ጉቶውን። ለወንድሜ ምንም አትንገሪው፤ ክርክር የጀመርኩ ይመስለዋል።

ሁለተኛው፣ ደውዪና ጠይቂኝ። እንደ ጓደኛ ሳይሆን እንደ ዳኛ። ማንም በሌለበት፣ ወደሽ ነው ወይ በይኝ። "አዎ" የምልሽ ይመስለኛል። አፌን ሞልቼ ልበለው። ውክልናውን ከዚያ በኋላ እልካለሁ።

ለድካምሽ ክፍያ አንድ ፍሬ ቁንዶ በርበሬ። እሱም ከጠየቅሽ።

ያችው ጠፊዋ