የቀድሞውን የወባ መመርመሪያ ለምን መሸጥ አቆምን?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ወር የቀድሞውን የወባ አርዲቲ (በጣት ደም የሚሠራ ፈጣን መመርመሪያ ካሴት) መሸጥ ስናቆም ብዙዎቻችሁ ተቆጥታችኋል። «ዋጋ ለመጨመር ሰበብ ፈለጉ» መባላችንንም ሰምተናል። ሳናሳውቃችሁ በድንገት ማቆማችን ልክ አልነበረም፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ግን ትክክል ነው። እባካችሁ ምክንያታችንን እስከ መጨረሻው ስሙን።

ይህን ድርጅት ከመክፈቴ በፊት ለዓመታት የላብራቶሪ ባለሙያ ነበርኩ። አንድ ቀን በትኩሳት የሚነድ ልጅ መጣ። ካሴቱ ላይ የወጣው አንድ መስመር ብቻ ነው፣ ያውም ካሴቱ መሥራቱን ብቻ የሚያሳየው የመቆጣጠሪያው መስመር። ወባ የለበትም ማለት ነው። ልቤ አልቀበል ስላለኝ ጣቱን ደግሜ ወጋሁና ደሙን መስታወት ላይ ቀብቼ ስላይድ ሠራሁ። ተውሳኩን በሚያሳየው ጂምሳ ቀለም ውስጥ ነክሬ ማይክሮስኮፕ ስር ሳየው ቀይ የደም ሴሎቹ ውስጥ ትንንሽ ቀለበቶች፣ ማለትም የወባ ተውሳኮች፣ ሞልተዋል። ካሴቱ አልተበላሸም፣ ጊዜውም አላለፈበትም። ያኔ ነገሩ አልገባኝም ነበር።

የቀድሞው አርዲቲ የሚፈልገው ኤችአርፒ2 የሚባል ፕሮቲን ነው። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ ይህን ፕሮቲን ያመርታል፣ ካሴቱ ላይ ያለው አንቲቦዲ ይይዘዋል፣ መስመሩ ይወጣል። ተውሳኩ ሲራባ ግን ዘረመሉን ይገለብጣል፤ ሲገለብጥም ይሳሳታል። አብዛኛው ስህተት ምንም አያመጣም፣ ወይም ተውሳኩን ራሱን ይጎዳዋል። አልፎ አልፎ ግን አንድ ጂን እንዳለ ተቆርጦ ይቀራል። ኤችአርፒ2 ላይ የደረሰው ይሄ ነው። ተውሳኩ ደግሞ ያለዚህ ፕሮቲን መኖር ይችላል።

ቀጥሎ የሚሆነውን አስቡት። ኔጌቲቭ የተባለ ታማሚ መድኃኒት አይሰጠውም። ትንኝ ከእሱ ወደ ሌላው ታደርሰዋለች። የሚታየው ተውሳክ ይታከማል፣ የማይታየው ይራባል። ስህተቱን ካሴቱ አልፈጠረውም፤ መንገድ ግን ጠርጎለታል።

ይህ እኛ ያወጣነው ወሬ አይደለም። በ2010 (እ.ኤ.አ.) በታተመ የፔሩ ጥናት ተዘግቧል። ኤርትራም በ2016 መመርመሪያዋን ቀይራለች። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ምክንያት ከምርመራ የሚያመልጡት የፋልሲፓረም ታማሚዎች 5 በመቶ ከደረሱ ኪቱ እንዲቀየር ይመክራል።

በኮሮና ጊዜም ኪት ስንቀይር ተቀይማችሁን ነበር። የዚያ ቫይረስ ዘረመል 30,000 ገደማ ፊደላት አሉት። በ2020 መጨረሻ የተስፋፋው አልፋ የተባለው ዝርያ ስፓይክ በተባለው ጂኑ ላይ 6 ፊደላት ጎደሉት። የቫይረሱን ዘረመል ሦስት ቦታ ላይ ከሚፈልጉት የፒሲአር ኪቶች አንዳንዶቹ አንዱን ቦታ ማየት አቃታቸው። የቀሩት ሁለቱ ባይኖሩ ኖሮ ስንቱ ታማሚ ነፃ ነህ ተብሎ ይሸኝ ነበር!

አዲሱ የወባ ኪት የሚፈልገው ኤልዲኤች የተባለውን ኢንዛይም ነው። ተውሳኩ ከስኳር ጉልበት ለማግኘት ስለሚያስፈልገው እንደ ኤችአርፒ2 በቀላሉ አይጥለውም። ኤችአርፒ2 በዳነ ሰው ደም ውስጥ ለሳምንታት ሲቆይ ይሄኛው ቶሎ ይጠፋል። ጉድለቱንም አንደብቅም። ተውሳኩ በጣም ጥቂት ሲሆን ሊያመልጠው ይችላል፤ ሙቀትም አይወድም። ደግሞ ውድ ነው። አምራቹም ማጓጓዣውም ጨምረውብናል፤ ከጭማሪው ከፊሉን እኛው ችለነዋል። ይህን ሳትጠይቁን «ስግብግብ» መባላችን አሞናል።

ከመጀመሪያዋ ካርቶን ጀምሮ አብራችሁን የዘለቃችሁ አላችሁ። እጅ ሲያጥረን ቀድማችሁ እየከፈላችሁ ያቆማችሁን እናንተ ናችሁ፤ አልረሳነውም። ለእናንተ የማላምንበትን ካሴት መሸጥ አልቻልኩም።

ያልተከፈተ ካርቶን በእጃችሁ ካለ መልሱልን፣ በአዲሱ እንቀይርላችኋለን። የምትጠራጠሩት ውጤት ካለም ደውሉልኝ፤ እኔው መጥቼ ስላይዱን አብረን እናየዋለን። ወደ ሌላ አቅራቢ የሄዳችሁም ብትሆኑ፣ የምትገዙት ኪት የሚፈልገው ኤችአርፒ2ን ብቻ መሆን አለመሆኑን ካርቶኑን አገላብጣችሁ አንብቡ።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት