እጅን ቀስ አድርጎ ማሳረፍ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሬኪ የሚባለውን የእጅ ሕክምና መማር ከጀመርኩ ቆየት ብያለሁ። ሚካዎ ኡሱይ በ1922 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ የጀመሩት ነው። እንደ ወጌሻ ማሸት የለውም፤ መጫንም የለም። እጅን ጭንቅላት፣ ትከሻ ወይም ሆድ ላይ ቀስ አድርጎ አሳርፎ ጥቂት ደቂቃ ዝም ማለት ነው። ልብስ አይወለቅም። ለእኛ አገር ብርድ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

እናቴን ጉልበቷን ያማታል። ማታ ማታ እጄን ምድጃ ዳር አሙቄ ጋቢዋ ላይ አሳርፋለሁ። መጀመሪያ ትከሻዋ ይላላል። ከዚያ ትንፋሿ ይረዝማል። አንዳንዴ እዚያው እንቅልፍ ይወስዳታል። ስትነቃ «እጅሽ ይባረክ» ትለኛለች።

ጉልበቷን ግን አላዳንኩትም። መድኃኒቷን ትውጣለች፤ የሐኪም ቀጠሮዋንም አታስቀርም። በሬኪ ኃይል ከእጅ ወደ ሰውነት ይተላለፋል የሚባለውን ሳይንስ አላረጋገጠውም። ስለዚህ መማር የምትፈልጉ፣ «መድኃኒት አቁሙ» የሚል አስተማሪ ከገጠማችሁ ጥላችሁ ውጡ። እጃችሁን ከማሳረፋችሁ በፊት ደግሞ ፈቃድ ጠይቁ። እኔ እናቴንም ሁልጊዜ እጠይቃታለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን