ርስት አክሲዮን ሲሆን

የኔ እናት፣ ትላንት በስልክ ስለ አላስካ ተወላጆች መሬት ስናወራ «እማ እነሱ እኮ የራሳቸው ካምፓኒ አላቸው፣ የመሬቱ ጉዳይ ድሮ ያለቀ ነው» ያልሽኝ ሌሊቱን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ አደረ። አንኮሬጅ ያደግሽ ልጅ፣ ያውም ህግ እየተማርሽ፣ እንዲህ በቀላሉ ስታልፊው ከፋኝ።

ሆቴል አብራኝ አልጋ የምታነጥፈውን የአላስካ ተወላጅ ሴትዮ ታውቂያት የለ፣ አንድ ቀን አንሶላ እያጠፍን ነገረችኝ፣ ታላቅ እህቷ በተወላጆቹ ኮርፖሬሽን 100 አክሲዮን አላት፣ እሷ ግን 1972 ስለተወለደች ምንም አልደረሳትም። አንድ እናት አንድ አባት ናቸው እኮ! ፕሬዚዳንት ኒክሰን የተወላጆቹን የመሬት ጥያቄ የዘጋውን ህግ የፈረመው ዲሴምበር 18፣ 1971 ነው፣ ከዛ ቀን በኋላ የተወለደ አልተመዘገበም፣ ኋላ እናቷ ስትሞት ነው በውርስ ጥቂት ያገኘችው፣ ስትነግረኝ አንሶላውን ይዛ ዝም ብላ ቆመች።

ነገሩ የመጣው በነዳጅ ነው። 1968 ሰሜን አላስካ ፕሩዶ ቤይ ላይ ነዳጅ ተገኘ፣ ቧንቧው እንዲያልፍ ደግሞ መሬቱ የማን እንደሆነ መለየት ነበረበት። 44 ሚሊዮን ኤከር ገደማና 962.5 ሚሊዮን ዶላር ተሰጣቸውና በቀረው ላይ የነበራቸው የአያት የቅድመ አያት መብት ተሰረዘ፣ አደኑና አሳ ማጥመዱ ሳይቀር። የተሰጠውም ለጎሳዎቹ ሳይሆን በስቴቱ የንግድ ህግ ለተቋቋሙ ኮርፖሬሽኖች ነው፣ 12 የክልልና ከ200 በላይ የመንደር፣ በመንደሩ መሬት ላዩን የመንደሩ ኮርፖሬሽን ሲይዝ ከስር ያለው ማዕድን የክልሉ ኮርፖሬሽን ሆነ።

ደግ ነገርም አለው፣ የክልል ኮርፖሬሽኖቹ ከእንጨትና ከማዕድን ከሚያገኙት ገቢ 70 በመቶውን ለ12ቱም ያካፍላሉ፣ ነዳጅ የሌለውም ይደርሰዋል፣ እሱን ሳልወድላቸው አልቀረሁም። አክሲዮኑ ግን ከ1991 ጀምሮ ለማንም እንዲሸጥ ነበር የተጻፈው፣ ተሯሩጠው 1987 ባያስለውጡት መሬቱም አብሮ ይሄድ ነበር። ያኔ ኋላ ለተወለዱትም አክሲዮን መስጠት ተፈቀደ፣ ባለአክሲዮኖቹ ድምፅ ከሰጡ ነው ታዲያ፣ የሷ ኮርፖሬሽን እስካሁን አልሰጠም።

ጎጃም አያትሽ ርስት ሲሉ እኮ የመጨረሻ የተወለደውም ልጅ የአባቱን ድርሻ ይጠይቃል ማለታቸው ነበር፣ በየትኛው ቀን ተወለድክ የሚለው የለም።

ለገና ስትመጪ ቤት እጠራታለሁ፣ ቡና አፈላለሁ፣ አለቀ ያልሽውን እሷን ራስሽ ጠይቂያት። ወፍራሙን ጃኬትሽን ይዘሽ ነይ።

እናትሽ