ለኅዳሩ የኤልክ አደንህ

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ ደኅና ናቸው? ከተጠፋፋን ቆየን። አሁን ግን የላክኸው ዜና ጊዜ አይሰጥም፤ ሌላውን ጨዋታ ስንገናኝ እናወጋዋለን። በአሜሪካዋ ኮሎራዶ የአራተኛው ዙር የኤልክ (የትልቁ አጋዘን ዓይነት) አደን ዕጣ ወጥቶልህ ወደ ዌሚኑች ተራሮች ልትገባ ነው። ደስ ብሎኛል፤ ሰግቼልሃለሁም። ደብረ ብርሃን ያደግህ ሰው ስለሆንክ ከፍታውም ውርጩም አዲስ አይሆንብህም። እዚያ ግን በኅዳር ሌሊቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል፤ ሥጋውንም፣ ጠመንጃውንም፣ ሰውነትህንም በሌላ መንገድ መያዝ አለብህ።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዝልኝ፦ የዚህ ወቅት አደን የሚወሰነው ቃታ ሳትስብ ነው። ኮርማ ኤልክ ወደ 300 ኪሎ ይመዝናል፤ አጥንቱ ከወጣ በኋላ እንኳ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሥጋ ይተርፈዋል። በረዶ ላይ አንድ ሰው በአንዴ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ቢሸከም ነው። ብቻህን ከሆንክ አራት ሸክም ማለት ነው። መኪናህ 5 ኪሎ ሜትር ርቆ ከቆመ፣ ተሸክመህ መውጣቱና ባዶህን መመለሱ 35 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ኤልኩን ስታየው ከእሱ እስከ መኪናህ ያለውን መንገድም እይ። ገደል ውስጥ ከሆነ ተወው። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ካለፈም ተወው፤ ፀሐይ 11 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፣ የቆሰለ እንስሳ በጨለማ መከተል ደግሞ ለእሱም ለአንተም ክፉ ነው።

የት ትፈልገዋለህ? ሴቶቹና ግልገሎቹ በትልልቅ መንጋ ሆነው ወደ ዝቅተኛው ግጦሽ ይወርዳሉ። ትልልቆቹ ወንዶች ግን ከመስከረሙ የመራቢያ ፍልሚያ ከስተው ስለሚወጡ፣ ብቻቸውን ወይም ሁለት ሦስት ሆነው ሰው ወደማይደርስበት አቀበት ይሸሻሉ። ጉልበታቸውን ስለሚቆጥቡ ብዙ አይራመዱም። ፀሐይ የሚያገኘውንና ነፋስ በረዶውን የጠረገለትን ወደ ደቡብ የዞረ ተዳፋት፣ በተለይ በመካከሉ ያለውን ጠባብ ሜዳ ፈልግ፤ አጠገቡ የሚተኙበት ጥቅጥቅ ያለ ደን ካለ የበለጠ ነው። በረዶው ጉልበት ስለደረሰ ብቻ ወንዱ ወርዷል አትበል፤ በሰኮናው እየጫረ ሣሩን ያወጣል።

ከተቃራኒው ሸንተረር ተቀምጠህ፣ አሥር እጥፍ የሚያቀርበውን 10 በ42 መነጽርህን በትራይፖድ (ባለሦስት እግር ማቆሚያ) አስረህ ተመልከት። ሙሉ ኤልክ አትፈልግ። ሽቅብ በቆሙት ግንዶች መካከል አግድም የሆነች መስመር፣ ፈዛዛ ጎን፣ የጠቆረ አንገት ፈልግ። ያየኸውን ቦታ ለቀህ ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደገና ተመለስበት፤ ተኝቶ የነበረው ሲነሳ ታገኘዋለህ።

ስትጠጋው ነፋሱን ጠብቅ። ማለዳ ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል ይፈሳል፤ ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቀው ሽቅብ ይዞራል። በረዶ በሸፈነው ጥላማ ገጽ ላይ ግን ቀኑን ሙሉ ቁልቁል ሊፈስ ይችላል፤ ብዙ አዳኝ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቁልቁለቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ከሆነና በረዶ ከተከመረበት አትሻገረው። የኮሎራዶን የበረዶ ናዳ ትንበያ ከቤት ሳትወጣ ተመልከት።

ጠመንጃህን ከመሄድህ በፊት ፍታው፤ ቦልቱ (ጥይት የሚያጎርሰውና የሚዘጋው ብረት) እና ጥይቱን የሚመታው መርፌ ላይ ያለውን ዘይት ጨርሰህ ጥረግ። ዘይት በብርድ ሲወፍር መርፌው ጥይቱን በደካማ ይመታዋል፣ ሳይፈነዳ ይቀራል። ማታም ወደሞቀ ድንኳን አታስገባው፤ ላብ ይይዛል፣ ላቡም ጠዋት በረዶ ሆኖ ይጋገርበታል። አፈሙዙን በፕላስተር ሸፍን።

ስትተኩስ ከወርቹ ጀርባ፣ ከደረቱ ሥር ሲሶ ያህል ከፍ አድርገህ። ሳንባው ተመትቶም ቆሞ ሊቀር ይችላል፤ እስኪወድቅ ድገመው። ከወደቀ በኋላ ፈቃዱን ፈርምበት፣ ቀኑን ሙላ፣ ከዚያ ቢላዋ አውጣ። ተዳፋት ከሆነ መጀመሪያ ከዛፍ ጋር እሰረው።

ሆዱን መክፈት አያስፈልግህም። በጎኑ አስተኛው፤ ከማጅራቱ እስከ ጅራቱ ድረስ በአከርካሪው ላይ ቆዳውን ቀድደህ ቁልቁል ግፈፈው። ወርቹ ከአጥንት ጋር የሚይዘው መጋጠሚያ ስለሌለው በቢላዋ ብቻ ይነሳል። ታፋውን ከዳሌው መጋጠሚያ ለየው። የጀርባውን ረጅም ሥጋ፣ የአንገቱንና የጎድኑን አንሳ፤ ፊሌቶውን ከመጨረሻው ጎድን ኋላ እጅህን አስገብተህ አውጣ። ከዚያ ገልብጠው ድገም። ሕጉ ስለሚያዝ የጾታውን ምልክት ከአንዱ ታፋ ጋር እንደተያያዘ ተወው።

ብርድ ነው ብለህ አትዘናጋ። ቆዳው እንደ ጋቢ ሙቀቱን ይይዘዋል፤ ካልተገፈፈ የታፋው ሥጋ በዳሌው አጥንት ዙሪያ በውርጭም ይበላሻል። ትኩሱን ሥጋ በረዶ ውስጥ አትቅበር፤ በረዶው ራሱ ሙቀት ያፍናል። በጨርቅ ከረጢት አድርገህ ቅርንጫፍ ላይ ስቀለው፣ ወይም አየር ከሥሩ እንዲያልፍ ግንድ ላይ አጋድመው። በዚያው ሌሊት ድንጋይ እስኪሆን እንዲቀዘቅዝም አትፈልግም፤ ከአጥንቱ ተለይቶ ቶሎ የበረደ ሥጋ ተኮማትሮ ጎማ ይሆናል። ሸክሙን ከቻልክ አጥንቱን እስከ ማግስቱ አታውጣ።

ስለ ራስህ አጭር ልበል። ጥጥ አትልበስ፣ ሱፍ ይሁን። አቀበት ስትወጣ ካፖርትህን አውልቅ፤ ላብህ ስትቆም ይገድልሃል። የጋዝ ቆርቆሮ በዚያ ብርድ ይደክማል፣ በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራ ምድጃ ያዝ። የውሃ ዕቃህን ገልብጠህ አስቀምጥ፣ ግግሩ ከላይ ስለሚጀምር አፉ አይዘጋም። የሳተላይት መገናኛህ ባትሪ ደረትህ ላይ ይደር።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የአምስት ቀኑ ወቅት የሚውለው ጾመ ነቢያት በሚገባበት ሰሞን ስለሆነ ሥጋው እስከ ገና ፍሪዘር ውስጥ ነው፤ ቦታውን አሁኑኑ አዘጋጅ። ኤልክ የሚያመሰኳ፣ ሰኮናውም ስንጥቅ ነው፤ በጥይት ስለሞተው ግን የንስሐ አባትህን ሳትሄድ ጠይቅ። ለመባረክ ብለህ ነፍሱ ያልወጣ ኮርማ አጠገብ እንዳትደርስ። ጥሬውን ደግሞ በፍጹም አትብላ፣ ለእንግዳም አታቅርብ። በኮሎራዶ የአጋዘን ዘሮችን አንጎል የሚያመነምን በሽታ አለ፤ መፍላትም መቀዝቀዝም አያጠፋውም። ጭንቅላቱን ይዘህ ውጣና ለዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ ለምርመራ ስጥ። ውጤቱ እስኪመጣ ይህን ሥጋ ከሌላው ጋር አትቀላቅል።

የምትገባበትን ሸለቆና መኪናህን የምታቆምበትን ቦታ በካርታ ምልክት አድርገህ ላክልኝ፤ የምትወጣበትን ቀንና ሰዓትም ጻፍልኝ።

ወንድምህ